ልጆች ይዘን ወደ ይምርሐነ ክርስቶስ ስንሄድ

ለአዘጋጁ፦

የምጽፈው በላስታ ወደሚገኘው የይምርሐነ ክርስቶስ ዋሻ ስለሚደረግ የቤተሰብ ጉዞ ነው።

ቦታው እንደ ባሌው ሶፍ ዑመር፣ ወንዝ የቦረቦረው የኖራ ድንጋይ ዋሻ አይደለም። ዋሻው ውስጥ እንጨትና ድንጋይ እየተደራረበ የተሠራ ሙሉ ቤተ ክርስቲያን ቆሟል። ዕድሜው ከላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ይቀድማል። ከበስተጀርባው ደግሞ የብዙ ሰዎች አፅም አለ። የሰባት ዓመት ልጄ እጇን ስትዘረጋ ለጥቂት ያዝኳት። «አባዬ፣ እነማን ናቸው?» አለችኝ። ምን ልበላት? ጥፋቱ የኔ ነው፤ አስቀድሜ አልነገርኳትም። ያልተነገረው ልጅ ወይ ይደነግጣል፣ ወይ ይነካል።

ሁለተኛው በቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ ያለው የደኑ ነገር ነው። አብረውን የመጡ ሰዎች ቡና ለማፍላት እርጥብ የጥድ ቅርንጫፍ ሰበሩ። የሚነደው እንኳ በጭስ ነው! ከደኑ ውጭ ያለው ተራራ እኮ የተራቆተ ነው። ጥዱና ወይራው የቀሩት ቤተ ክርስቲያኑ ስላለ ነው።

ስለዚህ ጉዞ የሚያዘጋጁ ሰዎች ከመግባታቸው በፊት ቤተሰቡን ጥድ ሥር ሰብስበው ለ10 ደቂቃ ያስረዱ። ለየቤተሰቡ አንድ የእጅ ባትሪ ይያዝ። የቡናው ከሰልም ከከተማ ተጭኖ ይምጣ።

አንድ አባት፣ ከደሴ