ለወንድምዓለም፣ ስለ ጥይቱ ነገር

ጎንደር፣ አራዳ

ወንድምዓለም፣ እንደምን ከረምህ?

እትዬ ሲያርፉ አልመጣሁም። ለመንገዱ ምክንያት ነበረኝ፤ ስልክ ላለማንሳቴ ግን የለኝም። አፈርሁ፣ ባፈርሁ ቁጥር ቀኑ ረዘመ፣ ይኸው ስድስት ዓመት። ይቅር በለኝ። የቀረውን ስንገናኝ እነግርሃለሁ።

የጻፍሁልህ ስለ ትንሹ ወንድሜ ነው። በጥምቀት ትከሻህ ላይ አውጥተህ የፋሲልን መዋኛ ያሳየኸው ልጅ ዛሬ ደምቢያ ጎጆ ወጥቶ የአራት ወር ሴት ልጅ አለችው። ባለፈው ቅዳሜ ለገበያ መጥቶ እኔ ዘንድ አደረ። ገና እጁን ሳይታጠብ፣ «ጥይት ሊጠፋ ነው እየተባለ ነው። አንዱን በሬ ሸጬ ላስቀምጥ ነው፤ የትኛውን ልግዛ?» አለኝ። እኔ ምኑን አውቄው! የጥይት ግምጃ ቤት ይዘህ የኖርኸው አንተ፤ አንዲት ፍሬ ጎደለችብኝ ብለህ ሁለት ሌሊት ያልተኛኸው አንተ። ለነገሩ ከቆጠራው ይልቅ ያስጨነቀህ አለቃህ እንደነበር አልረሳሁትም።

ቤቱ ውስጥ ያለው የአባታችን ሞዜር ጠመንጃና የእሱ ክላሽ ነው። ሁለቱም ፈቃድ አላቸው። የሞዜሩን ጥይት አባታችን በጨርቅ ጠቅልሎ ማድቤቱ ጣሪያ ሥር ሸጉጦት ኖሯል፤ ስንት ክረምት እርጥበትና ጭስ እንደጠገበ አስብ። ናሱ አረንጓዴ አውጥቷል፣ የአንዳንዱም እርሳስ በጣት ሲነኩት ይነቃነቃል። ትንሹ ግን «የአባቴ ነው፣ አይጣልም» ይላል።

ከዚህ የባሰው ሌላ ነው። ለክላሹ ብሎ አስቀድሞ ጥቂት ገዝቶ ነበር። «ሰባት ነጥብ ስድሳ ሁለት ነው» ብለው ሸጡለት። ጠረጴዛ ላይ ሲዘረግፈው ከክላሹ ጥይት ጎን አቆምሁትና በልጄ ማስመሪያ ለካሁት። የክላሹ ቀለህ፣ ባሩዱን የሚይዘው ዕቃው ማለቴ ነው፣ ርዝመቱ 39 ሚሊ ሜትር ነው፤ የገዛው 54፣ ቂጡ ላይም ወጣ ያለ ከንፈር አለው። የመትረየስ ጥይት ነው! ሁለቱም ሰባት ነጥብ ስድሳ ሁለት ስለሚባሉ ብቻ ገንዘቡን ቆጥሮ ሰጠ። ፊቱን ብታየው አንጀትህን ይበላ ነበር፤ እኔ ደግሞ በማጽናናት ፈንታ ተቆጣሁት።

አያታችን ትዝ አሉኝ። አንተም እሳት ዳር ሆነህ ሰምተሃቸዋል። ጣሊያን ሳይመጣ ባልንጀሮቻቸው አዲስ ጠመንጃ ሲያሳድዱ እሳቸው ውጅግራቸውን አልለቅም አሉ። በ1874 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር የወጣ፣ አፉ 11 ሚሊ ሜትር የሆነ አሮጌ ጠመንጃ። ግን እርሳሱ ቤት ይቀልጣል፣ ጥቁሩ ባሩድ ቤት ይወቀጣል፣ የተተኮሰው ቀለህ ተለቅሞ እንደገና ይሞላል። ጭሱ ያለህበትን ያጋልጣል፤ ቢሆንም ዝናርህ ባዶ አይሆንም። ዱር ከገቡ በኋላ ደግሞ የማረኩትን የጣሊያን ካርካኖ ያዙ፤ ለምን ቢሏቸው፣ «ጥይቱን ራሱ ተሸክሞ ያመጣልኛላ!» ጎንደር ኅዳር 18 ቀን 1934 ነጻ እስክትወጣ በዚያው ዘለቁ። እሳቸው የሚያዩት የሚቀጥለው ጥይት ከየት እንደሚመጣ ነበር።

ይህን ሁሉ ነገርሁት። «ያ የእሳቸው ዘመን ነው» አለኝ።

የእኔ ሐሳብ ይህ ነው፤ ከተሳሳትሁ አርመኝ። ከገዛ የክላሹን ብቻ ይግዛ፣ እሱንም ፈቃዱ በሚለው ልክ። በ2012 የወጣው የጦር መሣሪያ አዋጅ እንዳለ ያውቃል፤ ግን «ማን ይቆጥረዋል» የሚል ቃል ካፉ ሰማሁ፣ ደነገጥሁ። የሞዜሩን አሮጌ ጥይት ጨርሶ አይተኩሰው፤ ለሚመለከተው ያስረክብ። ቃታ ተስቦ ዝም ያለ ጥይት ዘግይቶ ሊፈነዳ ይችላል፣ አፈሙዙን ወደ ባዶ ቦታ እንዳዞርህ ቆይ እንጂ ቶሎ አትክፈት ብለህ ያስተማርኸኝ አንተ ነህ። እሱ ግን ችኩል ነው። የሚያስቀምጠውንም ደረቅ ቦታ፣ ክዳኑ በሚገጥም ቆርቆሮ ውስጥ ቆልፎ ያኑር።

አንድ ነገር ደብቄሃለሁ። ጭራሽ አትግዛ ልለው ፈልጌ ነበር። ክላሹ የተሰቀለው ሕፃኗ ከምትተኛበት መደብ በላይ ነው፤ ሚስቱ ነች በሹክሹክታ የነገረችኝ። ግን እሱ ሌሊት ብቻውን ከብት ሲጠብቅ፣ እኔ ከተማ ተቀምጬ በምን አፌ እከለክለዋለሁ? ዝም አልሁ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም።

እባክህ ደውልለት። የእኔን የወንድም ጭቅጭቅ ያደርገዋል፤ አንተን ግን ይሰማል። በሬው ለመጪው ቅዳሜ ገበያ ይወጣል፣ ከዚያ በፊት ይሁን። ቁጥሩን በአጎትህ ልጅ እጅ ልኬልሃለሁ።

ለእኔም... ብትደውል ደስ ይለኛል። ካልሆነልህም እትዬ ያረፉበትን ደብር ስም ብቻ ጻፍልኝ፤ ዘንድሮ ለሙት ዓመታቸው እመጣለሁ።

ወንድምህ