የሥነ ጽሑፍ ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ ሞት፣ ውርጭና ጤና አዳም

ክበባችን ዘንድሮም ሐሙስ ሐሙስ ከትምህርት በኋላ በቤተ መጻሕፍቱ ሲሰበሰብ ከረመ። ከሚኒ ሚዲያው ጋር ያዘጋጀነው የጥያቄና መልስ ውድድርም ሆነ የወላጆች ቀን ዝግጅት እንደ ወትሮው አልፏል፤ ስለ እነሱ ብዙ የምለው የለኝም። የዓመቱ ቁም ነገር የመጣው በሁለተኛው መንፈቅ፣ የአሜሪካዊቷን ገጣሚ የኤምሊ ዲክንሰንን ግጥሞች ወደ አማርኛ ለመመለስ እየሞከርን ማንበብ ስንጀምር ነው።

ዲክንሰን እ.ኤ.አ. በ1830 በማሳቹሴትስ፣ አምኸርስት በምትባል ከተማ ተወልዳ በ1886 እዚያው አረፈች። ልጅ ሳለች ቤታቸው ከመቃብር ስፍራ አጠገብ ስለነበር ቀብር ሲያልፍ እያየች ነው ያደገችው። በ13 ዓመቷ ዘመዷም ጓደኛዋም የነበረች ሶፊያ ሆላንድ ሞተችባት። አባቷን በ1874፣ እናቷን በ1882 አጣች። በ1883 ደግሞ የምትሳሳለት የወንድሟ ልጅ ጊልበርት በ8 ዓመቱ ተቀጠፈ።

ተማሪዎቹ ይህን ሲሰሙ «ለዚህ ነዋ ስለ ሞት የጻፈችው!» አሉ። ዓመታቱን ሰሌዳ ላይ ስንደረድር ግን ነገሩ አልገጥም አለ። ወደ 1,800 ከሚጠጉት ግጥሞቿ ግማሽ ያህሉ የተጻፉት ከ1861 እስከ 1865፣ አባትና እናቷ በሕይወት ሳሉ ነው። እርግጥ ያን ጊዜ አገሯ እርስ በርስ እየተዋጋች ነበር፤ ከከተማዋ ወጣቶችም ከጦር ሜዳ ሳይመለሱ የቀሩ ነበሩ። ያም ሆኖ ግጥሙን ሁሉ በአንድ ሟች ስም መመደብ አይቻልም። እኔ እንደሚመስለኝ የልጅነት ሐዘኗ ማየትን አስተማራት። ንቧንም አበባውንም ነገ እንደማታገኘው ነገር ትኩር ብላ ታያለች። በልጅነቷም ከ400 በላይ ዕፅዋት አድርቃ በመዝገብ ለጥፋለች።

በአንድ ግጥሟ ውርጭ አበባን በጨዋታው መሃል ይቀጨዋል። ጎንደር ከተማ ላደገ ልጅ ውርጭ ማለት ብርድ ነው፤ ብዙዎቹ ዝም አሉ። ከዳባት የመጣ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ተነስቶ አስረዳቸው፦ ማታ ለምልሞ የታየ ባቄላ ጠቁሮ ያድራል፤ ሰማዩ ግን ጥርት ብሎ ይነጋል፣ ፀሐይም ምንም እንዳልተፈጠረ ትወጣለች። ከእኔ ማብራሪያ የእሱ በለጠ።

ከዚያ ወዲህ ሙሾ ከየቤታቸው እንዲሰበስቡ አዘዝኩ። ቀላል አልነበረም። «ሰው ሳይሞት በቤቴ ሙሾ አታስወርዱኝ» ያሉ አያቶች ነበሩ፤ እውነታቸውን ነው። የተገኘውን ስናነብ ግን ጥሩ አልቃሽ «ሞት ክፉ ነው» እያለች ጊዜ እንደማታጠፋ አየን። የሟቹን በሬ፣ በቅሎውን፣ ይቀመጥበት የነበረውን መደብ ትጠራለች፤ ለቀስተኛው የሚያነባው ያን ጊዜ ነው።

ዓመቱን ሙሉ «አንተ ጨካኝ ሞት» እያለች ስትጽፍ የከረመች አንዲት ተማሪ፣ አያቷ ካረፉ በኋላ ይህን አመጣች፦

ጤናዳሙ አድጓል ካጥሩ ግርጌ ሞልቶ፣
ቀንጥሶ ከቡና የሚጨምር ጠፍቶ።

ሞት የሚል ቃል የለበትም። በወላጆች ቀን እንድታነበው ብንጠይቃት እናቷ ስለሚመጡ እምቢ አለች፤ እዚህ እንዲታተም ግን ፈቅዳለች።

የሙሾው ደብተር ቤተ መጻሕፍት ይገኛል። ቅጂው አንድ ብቻ ስለሆነ እዚያው ይነበባል እንጂ አይዋስም። ለከርሞ የፎቶ ኮፒ ወጪ እንዲያዝልን ርእሰ መምህሩን ጠይቀናል።