በግቢያችን የተሰቀለው ማሲንቆ ይውረድልን

ይድረስ ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጎንደር ካሉት ኮሌጆች በአንዱ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። የመጣሁት ከደሴ ሲሆን፣ ይህን ደብዳቤ የምጽፈው በግቢያችን ባህል የሚያዝበት መንገድ ዓመቱን ሙሉ ሲከነክነኝ ስለቆየና፣ በሌሎች ከተሞች የሚማሩ አብሮ አደጎቼም ተመሳሳይ ነገር ስለነገሩኝ ነው።

ትምህርት በተጀመረ በሁለተኛው ወር የባህል ቀን ተከበረ። አዳራሹ በር ላይ ቄጤማ ተጎዝጉዞ፣ ረከቦት ቀርቦ፣ ግድግዳው ላይ ጋሻ፣ ሞሰብ ወርቅና አንድ ማሲንቆ ተሰቅለው ነበር። ተማሪው የየአገሩን ልብስ ለብሶ፣ ብዙዎቻችን እንዲያውም ለአንድ ቀን ተከራይተን፣ ግድግዳው ሥር ተራ በተራ እየቆምን ፎቶ እንነሣለን። ተራዬ ሲደርስ ማሲንቆውን አውርጄ ያዝሁት። የፈረስ ጭራ ክሩ ላልቶ ቆዳው ላይ ተኝቷል፤ ደጋኑ ጭራሽ የለም። የት እንዳለ ብጠይቅ አስተባባሪዋ ልጅ፣ «ለፎቶ ነው እኮ፣ የሚመታ አይደለም» አለችኝ። እሷም እንደኔ ተማሪ ናትና አልወቅሳትም። ጭፈራው በስፒከር በተለቀቀ ዘፈን ተካሄደ፤ መድረክ የወጡት ጥቂት ልጆች ከቤታቸው ችለው የመጡ ነበሩ፤ የቀረነው አጨብጭበን ወደየዶርማችን ገባን።

በሳምንቱ በባህል ቡድኑ ልመዘገብ ሄድሁ። እስክስታ እንድወርድ ታዘዝሁና ትከሻዬ እንደ እንጨት ደረቀብኝ። የተሰጠኝ መልስ፣ ቡድኑ ለበዓላት ስለሚያቀርብ የሚቀበለው የሚችሉትን ብቻ ነው የሚል ነበር። ቡድኑ ጥሩ ሆኖ መቅረብ እንዳለበት አይጠፋኝም። ነገር ግን ሒሳብ የማይችል ተማሪ ሒሳብ ክፍል አይግባ የሚል ኮሌጅ በሌለበት፣ ባህልን ለመማር አስቀድሞ መቻል የሚጠየቅበት ምክንያት እስካሁን አልገባኝም።

ከዚያ በኋላ በአንድ ጓደኛዬ አጎት በኩል ማሲንቆ በመምታት ዕድሜያቸውን የገፉ አንድ አዛውንት አዝማሪ ዘንድ ደረስሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ እሄዳለሁ። የመጀመሪያውን ቀን ደጋኑን ዕጣን አሽተው ሰጡኝና የግራ እጄን አንጓ ይዘው፣ «ልጄ፣ ክሩን አትጫነው፤ ንካው ብቻ» አሉኝ። ማሲንቆ ክሩ አንድ ብቻ መሆኑን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ፤ ጣት ክሩን ወደ አንገቱ ሳይጫን በአየር ላይ እንዳለ እየነካ ድምፁን እንደሚያወጣ ግን በዚያች ደቂቃ በራሴ ጣት አወቅሁ። በአራተኛው ቅዳሜ ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺ ሆዬን በየተራ መቱልኝ። ባቲና አምባሰል የኔው የወሎ አገሮች ናቸው፤ የአገሬን ስም የያዙትን ቅኝቶች በጆሮዬ የለየሁት ጎንደር መጥቼ ነው ብዬ ስነግራቸው፣ «ምን አለበት፣ አገር ለአገር እንዲህ ይማማራል» አሉኝ። አንድ ቀን ደግሞ ግጥም እንድሰጣቸው ጠየቁኝ። ሁለት ስንኝ ሰጠኋቸው፤ ሁለተኛው ቤት አልመታም ነበርና ሲቀበሉት ራሳቸው አቃኑት። አዝማሪ ባለበት ሰሚው ግጥም ያቀብላል፣ አዝማሪው ይቀበላል፤ ቁጭ ብሎ የሚያጨበጭብ ብቻ የለም።

ይህ ለጎንደር አዲስ ነገር አይደለም። ከየአገሩ የመጣ የአብነት ተማሪ በጎንደር በአታ ቤተ ክርስቲያን አቋቋምን፣ ማለትም ከእንቅስቃሴ ጋር የሚቀርበውን የቤተ ክርስቲያን ዜማ፣ ሲማር መሪጌታውን ቆሞ አይመለከትም፤ መቋሚያና ጸናጽል ይዞ፣ እየተሳሳተና እየታረመ፣ ዝማሜውን ሰውነቱ እስኪያውቀው ድረስ ይመላለሳል። በዘመናዊውም ትምህርት ቢሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1954 እዚሁ ከተማ የተከፈተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የጤና መኮንኖችን፣ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን በቡድን አድርጎ ወደ ጤና ጣቢያዎች በመላክ ሕዝቡ መካከል እንዲሠለጥኑ ያደርግ ነበር። ተማሪን ከግቢ አውጥቶ ከባለሙያው እጅ ማስተማር እዚህ ከተማ ውስጥ እንደሚቻል በዚህ ታይቷል።

ስለ ጥምቀትም አንድ ነገር ልበል። ጥር 10 ቀን ከተራ ከዶርም ጓደኞቼ ጋር ታቦታቱን አጅበን ወደ አፄ ፋሲል መዋኛ ወረድን። አንደኛው ከሐዋሳ፣ ሌላው ከጅማ የመጡ ናቸው። የየሰፈሩ ወጣት መንገዱን ጠርጎ ምንጣፍ ያነጥፋል፤ እኛንም አንዱ ቡድን የምንጣፉን ጫፍ አስያዘንና እየጠቀለልን ወደ ፊት ስንሮጥ፣ መልሰን ስናነጥፍ ዋልን። በግቢ አዳራሽ ቦታ ያላገኘነው ሦስት ልጆች በከተማው መንገድ ላይ ሥራ አገኘን። በዓሉ እ.ኤ.አ. በ2019 በዩኔስኮ ከዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች ተርታ ተመዝግቧል። በጥር 12 ቀን ጠዋት ግን፣ የሚካኤል ታቦት በሚገባበት ሰዓት፣ ግቢያችን ፈተና ስላስቀመጠብን እልልታውን በክፍሉ መስኮት ሰማነው። ቀኑ በመንግሥት ዝግ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ጎንደር ውስጥ ያለ ኮሌጅ ግን ፈተናውን በአንድ ቀን ቢገፋው ምን ይጎድልበት ነበር?

የምጠይቀው ብዙ ወጪ የሚያስወጣ አይደለም። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አንድ ክፍል ይከፈትልን፤ ማሲንቆ፣ ዋሽንት፣ ከበሮና እስክስታ የሚያውቁ የከተማዋ ሰዎች ተገቢ ክፍያቸው እየተሰጣቸው ያስተምሩን፤ የማይችል ተማሪ ያለ ፈተና ይመዝገብ። ከየክልሉ የመጡት ተማሪዎችም የየራሳቸውን ጭፈራ በዚያው ክፍል ለሌላው ያስተምሩ። የሐዋሳው ጓደኛዬ ዶርም ውስጥ አልጋ ገፍተን ሊያስተምረን ሞክሮ ቦታ ጠብቦን ትተነዋል።

ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ማሲንቆ በተመለከተ፣ አዛውንቱ መምህሬ ደጋን ሠርተው፣ ክሩንም ቀይረው ሊሰጡን ፈቅደዋል። ማሲንቆውን ለአንድ ሳምንት ይዤ እንድወጣ እንዲፈቀድልኝ ለግቢው የተማሪዎች ጉዳይ በጽሑፍ አመልክቼ መልስ እየጠበቅሁ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የአንደኛ ዓመት ተማሪ፣ ከጎንደር