የጉዞ ፎቶ በየሰው ስልክ አይቅር

ለዝግጅት ክፍሉ፦

በቅርቡ የእድራችን አባላት ከሐዋሳ ተነስተን አርባ ምንጭ ደርሰን መጣን። ጫሞ ሐይቅ ላይ በጀልባ ሆነን አዞዎች የሚሰበሰቡበትን ዳርቻ፣ የአዞ ገበያን፣ ስናይ ስልኩን ያላወጣ ሰው አልነበረም። ከተመለስን በኋላ ግን «እልካለሁ» ያለው ሁሉ ድምፁን አጠፋ። የመጣችውም ፎቶ ደብዛዛ ናት። አሳጥቤ ልስቀላት ብል ከኋላ የተቀመጡት እናቶች ፊት አይለይም።

ቴሌግራም ፎቶን በተለመደው መንገድ ስንልክ ያሳንሰዋል። «ፋይል» ብለን ስንልከው ግን ጥራቱ ሳይነካ ይደርሳል። አንዱ ፋይል እስከ 2 ጊጋባይት ስለሚችል ቪዲዮም አይቸግርም።

እባካችሁ የጉዞ አስተባባሪዎች፣ አውቶቡሱ ሳይነሳ ግሩፕ ክፈቱ። ስማርት ስልክ ለሌላቸው ደግሞ አንድ አንድ ፎቶ ታጥቦ ይሰጣቸው። እነሱም እኩል አዋጥተው ነው የሄዱት።

የዘወትር አንባቢያችሁ
ከታቦር ክፍለ ከተማ፣ ሐዋሳ