«አደጉ» ስትሉ ከየት ወደ የት ነው?

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

ባለፈው ሳምንት ስለ አንድ ታዋቂ ጠበቃ የሥራ ሕይወት ያወጣችሁት ጽሑፍ እስካሁን እየከነከነኝ ነው። ሰውየውን አውቃቸዋለሁ፤ ጎበዝ ናቸው። ጠቤ ከእሳቸው ጋር አይደለም፤ ከአንዲት ዓረፍተ ነገር ጋር ነው። «በፍቺና በቀለብ ጉዳይ ጀምረው ወደ ከባድ የንግድ ክርክሮች አደጉ» ትላለች።

አደጉ? ከየት ወደ የት?

እኔ ቤተሰብ ችሎት ስቆም 14 ዓመቴ ነው። አንድ መሥሪያ ቤት የሕግ አማካሪ ሲፈልግ አመልክቼ ነበር። ቃለ መጠይቅ ያደረጉልኝ ሰው ማስረጃዬን ገለባብጠው «ይኼ እኮ የቤት ጣጣ ነው፤ ሌላ ልምድ የለሽም?» አሉኝ። ከእኔ በፊት የገባውን ወንድ ጠበቃ «እርስዎ» ሲሉት በር ላይ ሆኜ ሰምቻለሁ። ያን ዕለት ዝም ብዬ ወጣሁ። ያንኑ ንቀት በጋዜጣ ታትሞ ሳየው ግን ዝም ማለት አቃተኝ።

እስቲ ሕጉን እንይ። የጥብቅና ፈቃድ የቤተሰብ፣ የንግድ እየተባለ በጉዳይ ዓይነት አይለይም። ፈቃዴ ላይ «የቤተሰብ» የሚል ቃል የለም፤ የእሳቸውም ላይ «የንግድ» አይልም። መሰላሉን የሠራው ዘጋቢያችሁ ነው።

«ከባድ» ወደምትለው ልለፍ። በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ከተጋቢዎቹ አንዱ «የግሌ ነው» ብሎ ካላስረዳ በቀር ንብረቱ የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል። ሲነበብ አንድ መስመር ነው። ችሎት ሲደርስ ግን የግል ማኅበር ድርሻ፣ የባንክ ዕዳ ያለበት ኮንዶሚኒየም፣ በወንድም ስም የተገዛ መኪና ሆኖ ይመጣል። የንግድ ሕግ፣ የሊዝ ሕግ፣ የመያዣ ነገር የማያውቅ የቤተሰብ ጠበቃ ደንበኛውን ባዶ እጇን ያስቀራታል።

አንዲት ደንበኛዬ ባሏ ሲሞት ወንድሞቹ «ሚስት አልነበረችም» ብለው ተነሡባት። 11 ዓመት አብረው ኖረዋል፤ የጋብቻ ወረቀት ግን የለም። ሕጉ ለእንዲህ ያለው በር ከፍቷል። እንደ ባልና ሚስት መኖራቸውን፣ ዘመድና ጎረቤትም እንደዚያው ያያቸው እንደነበር ማስረዳት ይቻላል። እድሩ ጸሐፊ ቤት አራት ጊዜ ተመላለስኩ። በመጨረሻ ሽማግሌው ከቁም ሣጥን ሥር ጠርዙን አይጥ የበላው መዝገብ አወጡልኝ። ከሟቹ ስም ጎን በሰማያዊ እስክሪብቶ «ከነባለቤታቸው» ይላል፤ ከሥሩ ስሟ አለ። እያነበበች በጣቷ ዳሰሰችው፤ ከዚያ እንባዋ መጣ።

ያን መዝገብ ፍለጋ መሄድን ያስተማረኝ ዩኒቨርሲቲ አይደለም። ሥራ የጀመርኩት በነፃ የሕግ ድጋፍ ነው። የሚመጡት ሴቶች ገበናቸውን ማውጣት ያፍራሉ፤ ነገሩን ከመሃል ነው የሚጀምሩት። እስኪጨርሱ መስማት የተማርኩት እዚያ ነው። የሥራ ታሪክ ስትሉ ዲግሪና የተፈረደ ብር ብቻ ከቆጠራችሁ ይህ የት ይገባል?

የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርንስ ምን ልትሉት ነው? በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የቤተሰቡ ራስ ባል ነበር። ያ እንዲለወጥ ከገፉት አንዱ ይህ ማኅበር ነው። ከመሥራቾቹ አንዷ ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ ከ2011 እስከ 2015 ዓ.ም. የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ነበሩ። የሴቶችንና የቤተሰብን ጉዳይ ለጀማሪ መለማመጃ ነው ብለው ቢተዉት ኖሮ ዛሬ በዚህ ሕግ የምንከራከር አንሆንም ነበር።

የምጠይቀው እርማት ነው። «አደጉ» የምትለውን አውጡና «ተሸጋገሩ» በሉ። ዘጋቢያችሁም ጊዜ ካላቸው አንድ ጠዋት ቤተሰብ ችሎት ኮሪደር ላይ ይቀመጡ። እናትና አባቱ ሲጨቃጨቁ መሃል የቆመ የሰባት ዓመት ልጅ የት የት እንደሚያይ ይዩ። እኔ ዘወትር ከ3 ሰዓት ጀምሮ እዚያው ነኝ።

የቤተሰብ ጉዳይ ጠበቃ
ከአዲስ አበባ