ሥዕሉ የማይደርሰው ልጅ፤ ግልጽ ደብዳቤ

ለኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን
አዲስ አበባ

እንደምን ከረማችሁ?

ሲጋራን የተዋወቅኩት በመላክ ነው። አባቴ «ሮጥ በልና ሁለት ፍሬ አምጣልኝ» ይለኛል፣ እሮጣለሁ። ባለሱቁ ዕድሜዬን ጠይቆኝ አያውቅም። የማን ልጅ እንደሆንኩ ያውቃላ! አሥራ አምስት ዓመት ሲሞላኝ ሦስት ፍሬ መግዛት ጀመርኩ፤ ሦስተኛዋ የራሴ ነበረች። ታላቅ ወንድሜም ከእኔ በፊት በዚሁ በር ነው የገባው። አያታችን ጋያ ያጨሱ እንደነበር ስንሰማ «በቃ የዘር ነው» ብለን ሳቅን።

ቀልዱ ግማሽ እውነት እንደሆነ ያወቅኩት ለማቆም ስታገል ነው። በመንትዮች ላይ የተደረጉ ጥናቶች እንደሚያሳዩት፣ አንድ ሰው በኒኮቲን ሱስ ሲያዝ ሌላ ሰው ከሚያመልጥበት ምክንያት ግማሽ ያህሉ ከዘር ይመጣል። ኒኮቲን አንጎል ውስጥ የሚያርፍባቸው ተቀባዮች ከሰው ሰው ይለያያሉ። ጉበት ኒኮቲንን የሚያስወግድበት ፍጥነትም እንዲሁ። ከአባቴ የወረስኩት ምናልባት ይህንን ነው። ሲጋራውን ግን አልወረስኩም፤ ከሱቅ ነው የገዛሁት።

ጭሱን ስንስብ ኒኮቲኑ በ10 እና በ20 ሰከንድ መካከል አንጎል ይደርሳል። ዶፓሚን ይለቀቃል፣ ደስ ይላል። እየተለመደ ሲሄድ ግን አንጎል ተቀባዮቹን ያበዛል። ሁለት ሰዓት ገደማ ሲያልፍ በደም ውስጥ ያለው ኒኮቲን በግማሽ ይቀንሳል። ያኔ ሐራራው ይነሳል። በዚያች ሰዓት ባለቤቴን ስንት ቀን በከንቱ እንደተቆጣኋት እኔ ነኝ የማውቀው። የሰው አንጎል ደግሞ እስከ 25 ዓመት አካባቢ ገና እየበሰለ ነው። በልጅነቱ የጀመረ ሰው ለመላቀቅ የሚከብደውም ለዚህ ነው።

ወደ ጉዳዬ ልግባ። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ጥሩ አዋጅ ነው። ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው ሲጋራ መሸጥን ይከለክላል። በፍሬ መሸጥንም ይከለክላል። የፓኮውን ፊትና ጀርባ 70 በመቶ የሚሸፍን ሥዕል ያለበት ማስጠንቀቂያም ያዛል። እስቲ አንድ ቀን ታክሲ ተራ ቆማችሁ እዩ። ጀብሎው ፓኮውን ከፍቶ አንድ አንድ እያወጣ ይሸጣል፤ ላይተሩንም ራሱ ያቀብላል። አንድ ፍሬ የገዛ ልጅ ያን ሥዕል የት ያየዋል? ሥዕሉ ፓኮው ላይ ቀረ። የታክስ ጭማሪም ቢሆን ኪሱን ብዙ አይነካውም፤ ፓኮ መቼ ገዛና!

ጀብሎውን አሳዱልኝ ማለቴ አይደለም። እሱም እንጀራ ፍለጋ ነው የወጣው። ፈቃድ ካላቸው ሱቆችና አከፋፋዮች ጀምሩ። ወላጆችንም «ልጅ ሲጋራ አይላክም» በሉልን፤ የእኔ አባት ቢነገረው ኖሮ ይሰማ ነበር።

አንድ ነገር ልጨምር። መድኃኒትም የምትቆጣጠሩት እናንተ ናችሁ። የዓለም ጤና ድርጅት የኒኮቲን ማስቲካንና በቆዳ ላይ የሚለጠፈውን ከመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ያስገባው በ2009 እ.ኤ.አ. ነው። እኔ አምስት ፋርማሲ ዞሬ አጣሁት። ያቆምኩት በአራተኛ ሙከራዬ፣ ቆሎ እየቆረጠምኩና ሻይ እየጠጣሁ ነው።

ልጄ አሁን አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ዳቦ ልኬው ባለሱቁ ዝርዝር ስላልነበረው በመልሱ ፋንታ ማስቲካ ሰጠው። በማግሥቱ እኔው ሄድኩ። ከማስቲካው ዕቃ ጎን፣ ልጄ እጁን በሚዘረጋበት ልክ፣ የተከፈተ የሲጋራ ፓኮ ተቀምጧል።

አክባሪያችሁ
አንድ የቀድሞ አጫሽ