የሳይንስና ቴክኖሎጂ ክበብ፦ የቲቸር መኪና ለምን እምቢ አለች?

መስከረም ላይ 31 ልጆች ተመዝግበው ነበር፤ ሰኔ ላይ የቀሩት 14 ናቸው። የመጀመሪያው ሴሚስተር እንደወትሮው አለፈ፤ የሰልፉን ድምፅ ማጉያ ጠገንን፣ ለሳይንስ ቀን ጥያቄና መልስ አዘጋጀን። ሁለተኛውን ሴሚስተር ግን ሙሉ በሙሉ የበላችው የእኔው መኪና ናት።

ካራ አካባቢ የምትኖሩ ታውቋታላችሁ፤ በራችን ላይ ተማሪ ሲገፋት የምትታየው አሮጌዋ ነጭ ዲኤክስ። ዛሬ በአንድ ቁልፍ ትነሳለች፣ ነገ "ቀጭ" ብላ ዝም ትላለች። ጋራዥ ስትገባ ደግሞ ምንም እንዳልሆነ ሰው ትነሳና ታሳፍረኛለች። አንዱ መካኒክ "ብርዱ ነው፣ ባትሪው ደክሟል" ብሎ አዲስ ባትሪ አስገዛኝ። ሌላው ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳው ሞተሪኖ ይቀየር አለ። ባትሪው ተቀየረ፣ መግፋቱ ግን ቀጠለ።

የካቲት ላይ አንዲት የ10ኛ ክፍል ልጅ "ቲቸር፣ መቼ መቼ ነው እምቢ የምትለው?" አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ደብተር ከፈትን፤ ሰዓቱ፣ ሞተሩ ሙቅ ይሁን ቀዝቃዛ፣ የተሰማው ድምፅ፣ የፊት መብራቱ መፍዘዝ አለመፍዘዙ ይጻፍበት ጀመር። በ5 ሳምንት 9 ጊዜ እምቢ አለች። አንዱም በጠዋት አልነበረም፤ ሁሉም ሞተሩ ሞቆ ጥቂት ከቆመች በኋላ ነው። የብርዱ ወሬ እዚያው አበቃለት። መብራቱም አልፈዘዘም፤ ባትሪ ሲደክም ግን አብሮ መፍዘዝ ነበረበት። "ቀጭ" የሚለው ድምፅም የቁልፉ ትእዛዝ ሞተሪኖው ድረስ መድረሱን ይናገራል። ስለዚህ ብዙ የኤሌክትሪክ ጅረት የሚያልፍባቸውን ወፍራም ገመዶች ተከተልን።

እዚህ ላይ ተሳሳትን። ከቦዲው ወደ ሞተሩ የሚሄደውን፣ መካኒኮች ማሳ የሚሉትን ገመድ ጅረት የመከልከል አቅም (ሬዚስታንስ) በኦም ለካን፤ ዜሮ ገደማ አሳየ። ልጆቹ "ደህና ነው" ብለው ጻፉ፣ እኔም ፈረምኩ። ነገር ግን ቴስተር (የኤሌክትሪክ መለኪያው) ኦም ሲለካ የሚያሳልፈው ጅረት ኢምንት ነው፤ ለእሱ አንዲት ቀጭን የሽቦ ክር ትበቃዋለች። ሞተሪኖ ግን 100 አምፔርና ከዚያም በላይ ይስባል፤ ያን ጊዜ 0.01 ኦም ብቻውን 1 ቮልት ይበላል። የኦምን ሕግ ስንት ዓመት ሰሌዳ ላይ ስጽፍ ኖሬ ይህን ዘነጋሁ።

ያለን ምርጫ እምቢ እስክትል መጠበቅ ነበር። ሚያዝያ ውስጥ አንድ ሐሙስ ከለገጣፎ ተመልሼ ግቢ ውስጥ አጠፋኋት፤ ከ10 ደቂቃ በኋላ "ቀጭ"። ማንም እንዳይነካት ብዬ ልጆቹን ጠራሁ። ማርሹ ዜሮ፣ የእጅ ፍሬኑ ተይዟል። የቴስተሩ አንዱ ጫፍ የባትሪው ኔጋቲቭ ላይ፣ ሌላው የሞተሩ ራቁት ብረት ላይ አረፈ። ቁልፉ ሲዞር፣ ከግማሽ ቮልት ማለፍ ያልነበረበት ቁጥር 4.2 ላይ ወጣ። ሁለተኛውን ጫፍ ወደ ቦዲው ስናዛውር 0.1 ብቻ ሆነ። ሌባው ከቦዲው እስከ ሞተሩ ባለው መንገድ ላይ ነው ማለት ነው።

መጀመሪያ የባትሪውን ኔጋቲቭ ፈታን፤ በፖዘቲቩ ብንጀምር የብሎን መፍቻው ቦዲ ሲነካ እሳት ይረጫል። ከዚያ የማሳውን ብሎን ስንከፍት ከሥሩ የሚያምር ነጭ ቀለም ብቅ አለ። ከሁለት ዓመት በፊት ቀለም ያስቀባሁበት ጋራዥ ገመዱን ያሰረው ከቀለሙ በላይ ኖሯል፤ ብረት ከብረት የሚገናኘው በብሎኑ ጥርስ ብቻ ነበር። በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍገን አጥብቀን አሰርነው። ቁጥሩ ወደ 0.15 ወረደ፤ ከዚያ ወዲህ የገፋት የለም። አዲሱን ባትሪ በከንቱ እንደገዛሁ ለባለቤቴ እስካሁን አልነገርኳትም፤ ይህን መጽሔት ካላነበበች።

ስለ ክበቡ ንብረት፦ ያለን ቴስተር አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ፊውዙ ተቃጥሏል። ያቃጠለው ተማሪ አይደለም፤ በአምፔሩ ቀዳዳ እንደሰካሁ ባትሪው ላይ ያስነካሁት እኔ ነኝ። ቤቱ ትርፍ ቴስተር ያለው ወላጅ ካለ ከክረምቱ በፊት ላብራቶሪ ቢያገኘኝ ደስ ይለኛል፤ የጥበቃው ወንድም ሚኒባስም ተራ ይዛለች።